ግራውን ሳልሰማ

ልጄ ለፋሲካ ብቻዋን መጣች።

የተቀበልኳት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ሄጄ ነው። ከሚኒባሱ ስትወርድ ሳምኳትና ከኋላዋ የሚወርድ ይኖራል ብዬ በሩን ማየት ጀመርኩ። አንድ ቄስ ወረዱ። ዶሮ ያቀፈች ሴት ወረደች። ከዚያ ረዳቱ በሩን ዘጋው።

«ልጅቷስ?» አልኳት።

«ከአባቷ ጋር መካነ ኢየሱስ ናት። እርስዎስ እንደምን ከረሙ?»

«መቼም አለሁ።»

መካነ ኢየሱስ የባሏ አገር ነው። የባሏ እናት እዚያ አሉ። የልጅ ልጄ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ገናን እዚያ፣ ጥምቀትን እዚያ፣ ክረምቱን እዚያ ነው የምታሳልፈው። እኔ ቤት አንድ ቀን አድራ አታውቅም። ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ክርስትናዋ ላይ፣ አንዴ ዓይኔን ልታከም ደብረ ታቦር ወርጄ እነሱ ቤት ያደርኩ ለት። በዓል በመጣ ቁጥር ልጄ በስልክ ምክንያት ትነግረኛለች። ጉንፋን ይዟታል። መኪና ያስመልሳታል። የንፋስ መውጫ ብርድ ለልጅ አይሆንም። መኪናው ወደ መካነ ኢየሱስ ሲሄድ የማያስመልሳት ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። በስልክ ክርክር አልወድም፤ ሰው ሲናገር ፊቱን ካላየሁ አይሆንልኝም።

የባሏን እናት አልጠላቸውም። ደግ ሴት ናቸው። ግን አያት ሁለት ከሆነ በዓሉም ለሁለት መከፈል ነበረበት። ይህን ለማንም ሰው ብነግረው እውነቷን ነው ይለኛል።

የወለድኩት ይህችን አንዲቱን ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። ብቸኝነት ሲባል ሰው ትልቅ ነገር ይመስለዋል፤ የኔው በትንንሹ ነው። ሳስነጥስ ይማርሽ የሚለኝ ስለሌለ ራሴው ይማርሽ እላለሁ። በጾም ቀን የወጡን ጨው የሚቀምስልኝ ልጅ የለም፤ በግምት እጨምርና ከቅዳሴ ስመለስ አንዳንዴ ጨው አልባ፣ አንዳንዴ የባሕር ውኃ ሆኖ አገኘዋለሁ። ንፋሱ በሩን ሲገፋው ማነው እላለሁ። ንፋስ መሆኑን እያወቅሁ ነው የምለው።

ለልጅ ልጄ ብዬ ትንሽ አልጋ አሠርቼ ነበር። አናጢው ቁመቷ ስንት ነው ሲለኝ አላወቅሁም፤ እዚህ ትደርሳለች ብዬ ወገቤን አሳየሁት። ሁለት ዓመት ሰው ሳይተኛበት ቆየና የባቄላና የገብስ ጆንያ ማስቀመጫ አደረግሁት።

ያን ፋሲካ ልጄን አንድ ነገር ልጠይቃት ቆርጬ ነበር። በመጪው ክረምት ልጅቷን ለአንድ ወር እንድትሰጠኝ። አንድ ወር ብቻ። ከዓመት ውስጥ አንድ ወር ብዙ አይደለም።

እኔ በቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ብዙ ዓመት ዳኛ ነበርኩ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ማታ ማታ እስከ አራተኛ ክፍል። ከዚያ በላይ አልገፋሁም። ሰው ለዳኝነት የመረጠኝ በትምህርቴ አልነበረም። ሁለት ሰው ሲጣላ አንዱን ብቻ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የገዛ ወንድሜ ተከሶ ሲቀርብ ይህን ሌላ ሰው ይየው ብዬ ከወንበሬ የተነሣሁ ነኝ። የፍርድ ቤት ሰው ከሳሽና ተከሳሽን አንድ ላይ ግራ ቀኙ ይላቸዋል። በየመዝገቡ ላይ «ግራ ቀኙን ሰምተን» ብለን እንጽፋለን፤ ውሳኔው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ በእጄ እንደ ጻፍኩት አላውቅም።

ይህንንም ስጽፍ ለራሴ እንዳላደላ ስለምፈራ እሷ ያለችኝን እንዳለችው ነው የማሰፍረው።

ልጄ አንቱ ትለኛለች። ጎረቤቶቼ ሲሰሙ ይደነቃሉ። «ዛሬ እናቱን አንቱ የሚል ልጅ ከየት ይገኛል? መታደል ነው» ይሉኛል። እስከ ሰባት ዓመቷ ድረስ አንቺ ነበር የምትለኝ። እማዬ አንቺ፣ ነይ፣ ስሚ፣ እዪኝ።

ግራኝ ሆና ነው የተወለደችው። ማንኪያ በግራ፣ ጠጠር በግራ፣ ኩበት ስትለቅምም በግራ። መጀመሪያ ስቄ ነው ያለፍኩት። አንድ ጊዜ የጽዋ ማኅበር እኛ ቤት ተራው ደርሶ ሴቶቹ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ሳሉ ልጄ መጣችና በግራ እጇ ከገበታው ቆረሰች። አንዲቱ ሴት እጇን ሰበሰበች። በነጠላዋ ጠቀለለችውና እስኪነሣ ድረስ ሳትበላ ተቀመጠች። ሌላዋ «ትዳር ስትይዝ ማን ከሷ ጋር ይበላል?» አለች፤ ለኔ አዝና ነው ያለችው። ፊቴ እንዴት እንደ ጋለ ዛሬም ይሰማኛል።

በዚያው ክረምት መቀነቴን ፈትቼ ግራ ክንዷን ከጎኗ ጋር አሰርኩት። ጠዋት አስራታለሁ፣ ስትተኛ እፈታታለሁ። ሦስት ቀን አለቀሰች። «እማዬ ፍቺኝ» ትላለች። ጎረቤት በርቺ አለኝ። አባቷ ተያት እንጂ ብሎ አንድ ቀን ተናገረኝ፤ አንተ ገበታ ላይ አልነበርክም አልኩት። ከአራተኛው ቀን በኋላ ማልቀሷን ተወች። መስከረም ሲጠባ በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትጽፋለች፣ መምህሯም አመሰገነኝ።

አንድ ቀን በዚያው መስከረም ውኃ አምጪልኝ አልኳት። በሁለት እጇ ይዛ መጣችና «ይኸው እናቴ፣ ይጠጡ» አለችኝ።

ማን አስተማረሽ አላልኳትም። ጨዋ ሆነችልኝ ብዬ ደስ አለኝ መሰለኝ። ከዚያ ለት ጀምሮ አንቺ ብላኝ አታውቅም። ሰውም አልከሰሰኝም፤ ይህን ነገር የሚያይ መዝገብ አልተከፈተም። እኔ ግን ነገሩን አውቀዋለሁ። እያንዳንዱ ይጠጡ፣ ይቀመጡ፣ ይልበሱ ከኔ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ለርቀት ደግሞ ማን ይከሰሳል? የሚመሰገንበት ነው።

የፋሲካ ማግሥት ልጄ ቦርሳዋን ፈትታ ላፕቶፕ አወጣች። ደብረ ታቦር መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ረቡዕ ጠዋት አለቃዋ እጅ መድረስ ያለበት ሪፖርት ነበረባት። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስጠጋሁላት። እኔም ጥጥ ይዤ ጎኗ ተቀመጥኩ፤ እፈትላለሁ ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር እሷን ለማየት።

ከፊደሎቹ ዝቅ ብሎ ምንም ያልተጻፈበት ልሙጥ ቦታ አለ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል። እዚያ ላይ ጣቷን ስታንሸራትት መስተዋቱ ላይ ትንሽ ቀስት ትሮጣለች። ጣቷ ወደሄደበት ቀስቷም ትሄዳለች። ስታቆም ትቆማለች። መታ ስታደርገው አንድ ነገር ይከፈታል።

ትንሽ ቆይቼ ነው ያስተዋልኩት። የምታንሸራትተው በግራ እጇ ነው።

እንዝርቱን ያዝ አደረግሁ። በቀኟ እስክሪብቶ ይዛ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ያ ግራ ጣት ግን ልሙጡ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ሳታስበው ነው። በቀኟ ስትጽፍ ግንባሯ ትንሽ ይኮማተራል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ግራው ሲሄድ ግን ፊቷ አይኮማተርም። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ያ እጅ ረስቷል ብዬ ነበር። ያቺ መዳፍ የምታህል ቦታ መሀል ላይ ናት፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አታደላም። እዚያ ላይ በየትኛው እጅ ነው የምትነኪ ያላት ሰው አልኖረም ማለት ነው።

ምንም አልተናገርኩም። ብናገር ታነሣዋለች ብዬ ፈራሁ።

ከሰዓት ላይ ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ልትል ወጣች። እኔ ቤት ቀረሁ። ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብዬ አየሁት። የንፋስ መውጫን አቧራ መቼም ያውቁታል፣ በተዘጋ መስኮት ይገባል። ልሙጡ ቦታ ላይ የጣቷ ወዝና አቧራው ተላቁጦ መስመር ሠርቷል። ልጠርግላት አሰብኩ። ፎቶ ቤት መስተዋቱን በአልኮል ሲጠርጉ አይቻለሁ፤ እኔ ቤት ያለው አልኮል ደግሞ የበዓሉ አረቄ ነው። ነጭ ጨርቅ ደኅና አድርጌ ነከርኩና ጠረግሁት። አንዴ ጠርጌ በቃኝ አላልኩም፤ ዳር ዳሩን ሁሉ አሸሁት። ለማጽዳት ነበር። ለማጽዳት እንደ ነበር ዛሬም እምላለሁ።

ልጄ ተመልሳ ተቀመጠች። ጣቷን አሳረፈች። ቀስቷ ወደ ላይ ዘለለች፣ ከዚያ ወደ ዳር፣ ከዚያ ያልተነካ ነገር ከፈተች።

«ምን ነካው ይሄ ነገር?»

«ምን ሆነ?»

ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እናቴ፣ አረቄ አረቄ ይላል።»

«ጠረግሁልሽ። አቧራ ነበረው።»

«በአረቄ?»

«ፎቶ ቤቱስ በምን የሚጠርግ መሰለሽ?»

ቀስቷን እንደገና ልትመራ ሞከረች። ቀስቷ ተንገዳግዳ ሄዳ ጥግ ላይ ተወሸቀች።

«ይኸው ሰክሯል» አለች። «ቀጥ ብሎ መሄድ አቃተው።»

«ትንሽ ቢያርፍ ይለቀው ይሆን?»

«ነገ ራስ ምታት ይነሣበታል እንጂ።» ከንፈሯ ላይ ሳቅ ነበር፤ አልወጣም እንጂ። ማሽኑን ገልብጣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው፣ ፀሐይ ላይ አደረገችው፣ መለሰችው። ለውጥ የለም። «ታችፓዱ ነው የተበላሸው። ሌላው ደኅና ነው።»

«ታችኛው ከተበላሸ በላይኛው ሥሪ እንግዲህ።»

«ምን ላይኛ?»

«ላይ የሌለው ታች አለ? እኔ ታች ጋይንት ተወልጄ ላይ ጋይንት ያገባሁ ሰው ነኝ። ታች ካለ ላይ አለ።»

አሁን ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ። «ታች ማለት በእንግሊዝኛ መንካት ነው፤ በጣት የሚነካ ሰሌዳ ማለታቸው ነው።» እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ እጄ ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ አየች፣ ቀጥላም ግራ እጇን አየች፣ ቀጥላም እኔን። አልጠየቀችኝም። ዓይኗ ግን ሆን ብለው ነው ወይ ይል ነበር። እኔም ሳልጠየቅ መልስ መስጠት አልቻልኩም። ያልተከሰሰ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

«ማውዝ እገዛለሁ» አለች ተነሥታ። «ረቡዕ ሩቅ አይደለም።»

መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ፣ ማመልከቻ የሚተይብ፣ የኮምፒውተር ዕቃም የሚሸጥ አንድ ሰው አለ። ጎልማሳ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። ከዓመታት በፊት የጣሪያው አሸንዳ ውኃ ጎረቤቱ ግቢ ይፈስ ነበርና ፈርደንበታል። ስንገባ ከወንበሩ ተነሣ።

«እትዬ ዳኛ፣ እንኳን አደረስዎ። በበዓል ምድር ማንን ሊያስቀጡ መጡ?»

«አንተ ካላጠፋህ ማንንም።»

«እኔማ ያ አሸንዳ በተንጠባጠበ ቁጥር እርስዎን ነው የማስታውስ።»

«በደግ ነው?»

«እንደ ዝናቡ ነው እንጂ» አለና ሳቀ። ልጄ የፈለገችውን ነገረችው። ሁለት ማውዝ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ማውዝ ማለት አይጥ ነው፣ እትዬ። ጅራቱን ይመልከቱ።»

«ብትነግረኝ ኖሮ ከቤቴ አምጥቼ በነጻ እሰጥህ ነበር።»

አንዱ ማውዝ ቀጥ ያለ ነው፤ በሁለቱም በኩል እኩል፣ አዲስ ሳሙና ይመስላል። ሁለተኛው ጎበጥ ያለ ነው፤ በአንድ ጎኑ አውራ ጣት የሚገባበት ጎድጓዳ አለው። አነሣሁትና በቀኝ እጄ ያዝኩት። ልክ እጄ ውስጥ ገባ። አውራ ጣቴ ጎድጓዳው ውስጥ አረፈ፤ መዳፌም ጉብታው ላይ ተኛ። ሲሠሩት እጅ አይተው ነው የሠሩት። ደስ አለኝ፤ ያበላሸሁትን የምክስበት መሰለኝ።

«ይህን ውሰጂ» አልኳት።

«ያኛው ይሁን» አለች ቀጥ ያለውን እያሳየች።

«ያዢውና እዪው እስኪ። ይህ ለእጅ የተሠራ ነው። ያ ሳሙና ነው።»

«እውነታቸውን ነው» አለ ባለሱቁ። «ብዙ ለሚሠራ ሰው የሚመከረው ይህኛው ነው። አንጓ አያምም።»

«ያኛው ይሁንልኝ» አለች እንደገና።

እኔ ደግሞ ምክንያቱ ያልተነገረ ውሳኔ አልችልም። ሁለት ነገር ፊቴ ተቀምጦ፣ አንዱ በግልጽ የሚሻል ሆኖ ሳለ ሌላው ሲመረጥ ዝም ማለት አላውቅበትም። «ለምን? ምክንያትሽን ንገሪኝና እተውሻለሁ።»

«እናቴ፣ ማውዝ ነው እኮ።»

«ቢሆንስ?»

«ይሄ በግራ እጅ አይያዝም።»

ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። እውነቷን ነው። ጎድጓዳው ትንሿ ጣቴ ሥር ሆነ፤ ጉብታው መዳፌን ገፋው፤ አውራ ጣቴ የሚቀመጥበት አጣ። ያ የምክስበት የመሰለኝ ነገር የኔው መቀነት ነበር። እንደሱ ያለ ነገር ፋብሪካ ተሠርቶ በካርቶን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «አንቺ በግራሽ ነው የምትይዢው?»

«እኔ አይደለሁም። ማውዝ በቀኜ ነው የለመድኩት፤ መሥሪያ ቤት ሁሉም በቀኝ ነው።»

«ታዲያ በግራ የሚይዘው ማነው?»

ባለሱቁ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ከፍቶ ውስጡን ማየት ጀመረ፤ የሚታይ ነገር ኖሮት አይደለም።

«ማነው?» አልኳት።

«ልጅቷ» አለች። «ቤት ስሆን ከጉልበቴ አትወርድም። ላፕቶፑ ላይ ሥዕል ትሥላለች። በግራዋ ነው።»

የመካነ ኢየሱስ ገና፣ ጉንፋኑ፣ መኪናው፣ ብርዱ፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጥቶ ቦታ ቦታውን ያዘ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ልታደርጊ?»

ብነግርሽ ነው ያለችኝ። ብነግርዎ አይደለም።

«ምን ልታደርጊ ነበር፣ መቀነትሽን ልትፈቺ? አንቺ ነሽ ያሰርሽኝ። ክረምቱን ሙሉ። እጄ ሲደነዝዝ፣ ሲያብጥ። አንድ ቀን እንኳ ያምሻል ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። የሰዉን ሁሉ ክስ ቁጭ ብለሽ ስትሰሚ ትውያለሽ፣ እኔን ግን አልሰማሽም።»

ሰው ይህን ቢያነብ አፍራ ወጣች ይለኝ ይሆናል። አላፈርኩም። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ የሚቃወም ቃል የለኝም። ግን በዚያ ሁሉ መሀል አንቺ እያለችኝ ነበር። አንቺ፣ ሽ፣ ሽ። ሃያ ዓመት ያልሰማሁት ነው። እየሰደበችኝ ሳለ ቀጥይ፣ ጨርሺው፣ አታቁሚ እያልኩ በልቤ እለምናት ነበር።

ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ ወደ ራሷ ተመለሰች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ይቅርታ እናቴ» አለች። «እንሂድ፤ ይመሽብዎታል።»

አለቀ። ወደ አንቱ ተመልሳ ሄደች፤ አጠገቤ ቆማ።

«ቀጥ ያለውን ጠቅልልልን» አልኩት ባለሱቁን።

ሰውየው ነገሩን ሊያለዝብ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ማውዙን እየጠቀለለ «መቼም ግራ ቀኙን ሳይሰሙ አይወስኑም፣ እትዬ ዳኛ» አለ።

«ግራውን ዛሬ ነው የሰማሁት» አልኩት። አልገባውም፤ ይግባው ብዬም አልተናገርኩም።

ወደ ቤት ስንሄድ ንፋሱ ከፊት ነበርና ማውራት የሚያስፈልግ አልነበረም። እንደገባን ማውዙን ሰክታ ሥራዋን ጀመረች፤ በቀኟ። ግንባሯ ተኮማተረ። ግራ እጇን ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች፤ አይንቀሳቀስም። እኔ ጆንያዎቹን ገፋ አድርጌ ትንሹ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠቅ ጠቅ ይላል ማውዙ።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት በመጨረሻ።

ጠቅ ማለቱ ቆመ።

«ገበታው ላይ ያችን ሴት ፈርቼ ነው። አንቺን ጠልቼ አይደለም። ግን እሷን ሰማሁ፣ አንቺን አልሰማሁም። ፍርዱ ልክ አልነበረም። ሌላ ዳኛ እንዲህ ቢፈርድ ከወንበሩ አስነሣው ነበር።»

«ያለፈ ነገር ነው፣ እናቴ።»

«አላለፈም። ልጅቷ የታለች?»

ዓይኗን ወደ ማውዙ መለሰች።

«በክረምት ለአንድ ወር ስጪኝ። እጇን አልነካም። በማርያም እምልልሻለሁ፤ ስምል አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ቁጣዋ ጠፍቶ ነበር፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ቃልዎን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። እርስዎና እሷ ብቻ ስትሆኑ አልፈራም። ግን ሰው ይመጣል። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ገበታ ይቀርባል፣ እሷ በግራዋ ትቆርሳለች። ያን ጊዜ አንዲቱ እጇን ስትሰበስብ...»

አልጨረሰችውም። እኔም እጨርስላታለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ሴትዮዋን ከቤቴ አስወጣታለሁ ልላት ነበር። እንደማስወጣት ነው የማስበው። ግን አንድ ጊዜ ተፈትኜ ወድቄያለሁ፤ ምስክሯም ፊቴ ተቀምጣለች። ስለራሴ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ምዬ መናገር አልቻልኩም። አፌን ዘጋሁ።

ያን ዝምታዬን አየች። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

«እናያለን» አለች።

ማክሰኞ ተሳፈረች። ሪፖርቱን ጨርሳ ነበር። ማውዙን ገመዱን በጣቶቿ ላይ ጠቅልላ፣ በሶክስ ውስጥ ከትታ፣ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ አስገባችው። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮት «ጤናዎን ይጠብቁ» አለችኝ።

ያ ክረምት መጣ። ሐምሌ ላይ ደወልኩ፤ ትምህርት ማጠናከሪያ አስገባናት አለችኝ። የሚቀጥለው ክረምት ደግሞ መካነ ኢየሱስ ሄዱ። እኔም ምክንያቱን አልጠየቅሁም፤ አሁን አውቀዋለሁ። ስልክ ስንነጋገር አንዳንዴ ልጅቷን ታቀርብልኛለች። «እንደምን ዋሉ?» ትለኛለች በቀጭን ድምፅ። ምን ሣልሽ ዛሬ እላታለሁ። ላም ሣልኩ፣ ባጃጅ ሣልኩ ትለኛለች። ግራሽ ደኅና ነው ወይ ልላት እፈልግና እተወዋለሁ፤ ስለ እጇ ማንሣቱ ራሱ መንካት መሰለኝ።

በሦስተኛው ዓመት ልጄና ልጅቷ መጡ። ጥቅምት ላይ ነው፤ የዘመድ ሠርግ ነበር፣ መንገዳቸው በኛ ነው፤ ሁለት ቀን አደሩ። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ቁመቷ ካሰብኩት በላይ ነው። እኔን ስታይ እናቷ ጀርባ ትንሽ ቆመችና ከዚያ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ፀጉሯ የእናቷ ነው። አስነጠሰኝ፤ «ይማርዎ» አለችኝ ሳላስበው። ወደ ጓዳ ገባሁ፣ ዕቃ ፍለጋ መስዬ።

ምሳ አቀረብኩ። ሦስታችን ብቻ ነበርን። ሰው እንዳይመጣ ብዬ በሩን ቀርቅሬው ነበር፤ ይህንንም ያደረግሁት አስቤበት ነው። ገበታው ዙሪያ ተቀመጥን፤ ጸሎት አደረስኩ፤ ብሉ አልኩ።

ልጅቷ ግራ እጇን ከቀሚሷ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት። በቀኟ ቆረሰች። እንጀራው ተቀደደባት። እንደገና ያዘችው፤ ወጡን ልትጠቀልል ስትል ጣቶቿ አልተባበሯትም፣ ግማሹ ገበታው ላይ ቀረ፣ ግማሹ አገጯ ላይ። ግንባሯ ተኮማትሯል። ልጄ ዓይኗን ከሳህኑ አላነሣችም።

«የኔ ልጅ» አልኳት። «በሚመችሽ እጅ ብይ። እኔ አልቆጣም። ማንም አይቆጣሽም።»

እናቷን አየች። እናቷ አንገቷን ቀና አድርጋ እኔን አየችኝ፣ ለብዙ ጊዜ፤ ምን እንደምትፈልግ አላውቅም፤ ለልጅቷም ብይ አላለቻት፣ ተይም አላለቻት።

ልጅቷ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እናቷን አይታ አሰበች። ከዚያ ልታስቀይመኝ ያልፈለገች ትልቅ ሰው መስላ፣

«ግድ የለም እምዬ» አለችኝ። «እዚህ በዚህኛው ነው የምበላው።»

ሌላም ቆረሰች።